ጄኔቲክስን ተማሪው በእጁ ይቁጠረው

ለትምህርት ሚኒስቴር የከፍተኛ ትምህርት ሥርዓተ ትምህርት ኃላፊዎች
በየዩኒቨርሲቲው ለሚገኙ የባዮሎጂ፣ የዕፅዋት ሳይንስና የእንስሳት ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች

ጉዳዩ፦ የመግቢያ ጄኔቲክስ ትምህርት አሰጣጥ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና የሥራ ባልደረቦቼ፣

የመግቢያ ጄኔቲክስን፣ ማለትም የዘር ውርስን ሳይንስ፣ በዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ዓመታት ተቆጥረዋል። ካስተማርኳቸው ተማሪዎች አብዛኞቹ በሁለተኛው ትውልድ አንዱ ጠባይ ሦስት ጊዜ ሲታይ ሌላው አንድ ጊዜ ይታያል የሚለውን የ«3 ለ 1» ውጤት ከእንቅልፋቸው ቢቀሰቀሱ እንኳን ሳይሳሳቱ ይናገሩታል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደሚሠራ፣ መቼስ እንደማይሠራ ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ። ይህ ዝምታ ከስንፍና የመጣ አይደለም። ትምህርቱን የሰጠናቸው የተዘጋጀ መልስ አድርገን ነው፤ ጥያቄውን አላሳየናቸውም። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ይኸው ነው። የምጠይቀውም አንድ ነገር ነው፦ የመግቢያ ጄኔቲክስ የሚወስድ ተማሪ ሁሉ፣ በገዛ እጁ ካዳቀለውና በገዛ እጁ ከቆጠረው ነገር ተነስቶ ይማር። የሚቆጠረውም በአገሩ የሚበቅል ሰብል ይሁን።

ኮርሱ ዛሬ እንዴት እንደሚሰጥ ሁላችንም እናውቃለን። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሜንዴል ሕጎች ይውላሉ፤ ከዚያ ጂኖችን የሚሸከመው ክሮሞዞም፣ ከዚያ የጂኖች ተያይዞ መወረስ፣ ከዚያ ዲኤንኤ ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ ያለው የሕዝብ ጄኔቲክስ፣ ጂኖች በአንድ ሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚበዙና እንደሚያንሱ የሚያጠናው፣ ሴሚስተሩ ስላለቀ በሩጫ ይታለፋል ወይም «ራሳችሁ አንብቡት» ተብሎ ይቀራል። የላቦራቶሪው ክፍለ ጊዜ በብዙ ቦታ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጥያቄ የመሥሪያ ሰዓት ሆኗል። ማይክሮስኮፑ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ወይም አምፖሉ ከተቃጠለ ቆይቷል። ተማሪው ከሁለቱ ወላጆች የሚወረሱትን ጂኖች የሚያጣምርበት ባለ 4 ክፍል ሠንጠረዥ ይሠራል፣ ትልቁን «ኤ» እና ትንሹን «ኤ» ይሞላል፣ ነጥቡን ያገኛል። ሠንጠረዡ ውስጥ የተሞላው ፊደል የአንድ ተክል ወይም የአንድ ሰው አካል ውስጥ ያለ ነገር መሆኑ ግን ብዙም ትዝ አይለውም።

እስቲ ቁጥሩን ወደ አመጣው ሰው እንመለስ። ግሪጎር ሜንዴል በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ባለው የብርኖ ገዳም ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1856 እስከ 1863 ድረስ አተር ሲያዳቅልና ሲቆጥር ኖረ። ከሁለተኛው ትውልድ 5,474 ክብ ፍሬና 1,850 የተጨማደደ ፍሬ አገኘ። ይህ 2.96 ለ 1 ነው፤ በትክክል 3 ለ 1 አይደለም። በመጽሐፎቻችን ላይ የሚታተመው ግን የተጠጋጋው ቁጥር ነው። ሜንዴል እዚያም ላይ አላቆመም። ክብ ሆነው ከተገኙት ዘርቶ 565 ተክል አበቀለ፤ ከእነዚህ 193ቱ ክብ ፍሬ ብቻ ሲያፈሩ፣ 372ቱ ግን ክብም የተጨማደደም ፍሬ አፈሩ። ስለዚህ ከውጭ ሲታዩ አንድ የሚመስሉት ክብ ፍሬዎች በውስጣቸው ሁለት ዓይነት ነበሩ፤ አንድ ሦስተኛው ንጹሕ፣ ሁለት ሦስተኛው ደግሞ የተጨማደደውን ጠባይ ደብቀው የያዙ። የጄኔቲክስ ትልቁ ግኝት እዚህ ላይ ነው ያለው። የሚታየውና በውስጥ ያለው የተለያዩ መሆናቸው የተረጋገጠው፣ አንድ ሰው አንድ የመኸር ወቅት ጨምሮ ስለጠበቀና ስለቆጠረ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1866 ቢታተምም እስከ 1900 ድረስ ብዙም ልብ ያለው አልነበረም። የእኛ ተማሪዎች 193ንና 372ን ሰምተው አያውቁም ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ቁጥር ሲጠጋጋ በተማሪው ላይ ምን እንደሚያደርስ አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁ። ቢጫና ነጭ በቆሎ አዳቅለን ያገኘነውን ዘር ከትምህርት ክፍሉ ጀርባ ባለች ጠባብ መሬት ላይ ዘራነው። ከደረሰ በኋላ ለተማሪዎቹ አንዳንድ ራስ በቆሎ ሰጥቼ ቢጫውንና ነጩን ፍሬ ለይተው እንዲቆጥሩ አደረግሁ። አንድ ጠንቃቃ ተማሪ ነበር። ፍሬውን በጣቱ ፈልፍሎ፣ ወረቀት ላይ አሥር አሥር እያደረገ ደርድሮ ቆጠረው። ደብተሩን ስመለከት 300 ቢጫ፣ 100 ነጭ ይላል። ከሥሩ ግን በላጲስ የጠፋ ሌላ ቁጥር በደብዛዛው ይነበባል፦ 312 እና 88። ለምን እንዳጠፋው ስጠይቀው «መምህር፣ 3 ለ 1 ስላልመጣልኝ የተሳሳትኩ መሰለኝ» አለኝ።

ይህ ተማሪ አልተሳሳተም። ጥሩ አድርጎ ቆጥሮ፣ ያገኘውን እውነት በመጽሐፉ ቁጥር ለመተካት የተገደደ ልጅ ነው። ወዲያው ሰሌዳው ላይ አብረን አሰላነው። ከ400 ፍሬ የሚጠበቀው 300 እና 100 ነው። ልዩነቱ በሁለቱም በኩል 12 ነው። የ12 ካሬ 144 ለ300 ሲካፈል 0.48፣ ለ100 ሲካፈል 1.44፤ ድምሩ 1.92 ይሆናል። ልዩነት በዕድል የመጣ መሆን አለመሆኑን በሚፈትነው የካይ ስኩዌር ሠንጠረዥ ላይ ወሰኑ 3.84 ስለሆነ፣ ያገኘው ልዩነት ዕድል ብቻውን ሊያመጣው የሚችል ነው። የመጀመሪያ ቁጥሩ ከ3 ለ 1 ጋር ይስማማል ማለት ነው። ልጁ ፊቱ ሲበራ አየሁት። ፎርሙላውን ከዚያ በፊት በቃሉ ያውቀው ነበር፤ ምን እንደሚያገለግል የገባው ግን በዚያች ሰዓት ነው።

ከጎኑ የተቀመጡት ሁለት ተማሪዎች ደግሞ 330 ቢጫና 70 ነጭ አገኙ። የእነሱ ስሌት 12 መጣ፤ ከወሰኑ በእጅጉ ያለፈ። ታዲያ ሕጉ ፈረሰ ማለት ነው? ክፍሉ በሙሉ ክርክር ውስጥ ገባ። በመጨረሻ አንዲት የገበሬ ልጅ «ከአጠገባችን ያለው ማሳ እኮ ቢጫ በቆሎ ነው፤ በአበባ ጊዜ ነፋሱ ወደ እኛ ነበር» አለች። መልሱ ይኸው ነበር። በቆሎ የወንዴውን የአበባ ብናኝ በነፋስ ነው የሚያገኘው። ከጎረቤት ማሳ ንጹሕ ቢጫ ብናኝ ከመጣ፣ ቢጫው ከሚጠበቀው በላይ ይበዛል። ከዚያ ወዲያ ማንም ሳይነግራቸው ስለ ማዳቀያ ከረጢት፣ ስለ ማሳዎች ርቀት፣ ስለ ዘር ብዜት ጥንቃቄ መጠየቅ ጀመሩ። አንዳንዶቹ ቢጫው ራሱ ደመቅ ያለና ፈዘዝ ያለ መሆኑን አስተውለው ነበር። ምግብ የሚያከማቸው የፍሬው ክፍል ከእናት ሁለት፣ ከአባት አንድ የጂን ቅጂ ስለሚወስድ የቢጫው ጂን ከዜሮ እስከ ሦስት ሊደርስ እንደሚችል ስነግራቸው፣ በንባብ ቢሆን አንድ ሳምንት የሚፈጅባቸውን ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረሱት።

እንዲህ ላለው ትምህርት ከውጭ የሚገዛ መሣሪያ አያስፈልግም። የበጀት እጥረት መኖሩን አውቃለሁ፤ በየስብሰባው የምንሰማው ነው፣ እውነትም ነው። ነገር ግን እኔ የምጠይቀው ጥቂት ሜትር መሬት፣ የወረቀት ከረጢት፣ መቆንጠጫና መዝገብ ነው።

ዝርዝሩን ላስረዳ። ክብና የተጨማደደ አተር ይዘራ። የመጀመሪያው ዓመት ተማሪዎች አበባው ሳይፈነዳ እምቡጡን ከፍተው 10ሩን የወንዴ ዘንጎች በመቆንጠጫ ያውጡ፤ ከሌላው ተክል ብናኝ አምጥተው ያዳቅሉ፤ በከረጢት ሸፍነው ስማቸውንና ቀኑን ይጻፉበት። በዚያው ባዳቀሉት አበባ የተገኘው ፍሬ ሲደርቅ ቅርጹ ስለሚታይ፣ የተጨማደደው ጠባይ ከመጀመሪያው ትውልድ ላይ መጥፋቱን በዓይናቸው ያያሉ። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ያንን ዘር ዘርተው የተጨማደደው ተመልሶ ሲመጣ ይቆጥራሉ። የሦስተኛው ዓመት ተማሪዎች ደግሞ ክብ ከሆኑት ዘርተው የሜንዴልን አንድ ሦስተኛና ሁለት ሦስተኛ ያገኛሉ። ስለዚህ አንዱ ባች ለሚቀጥለው ዘርና መዝገብ እያስረከበ ይሄዳል። ለመድረስ ወራት የሚፈጅ ሰብል በአንድ ሴሚስተር አይሆንም የሚለው መከራከሪያም በዚህ መልስ ያገኛል። ከዚያ በኋላ መምህሩ የተጨማደደው አተር ለምን እንደተጨማደደ ይንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 እንደተረጋገጠው፣ ስታርች ቅርንጫፍ እንዲያወጣ የሚያደርገውን ኤንዛይም በሚሠራው ጂን መካከል አንድ ባዕድ የዲኤንኤ ቁራጭ ገብቶ ስላበላሸው ነው። ስታርቹ ሲያንስ ስኳሩ ይበዛል፤ ፍሬው በእሸትነቱ ውኃ ይይዛል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሜንዴልና ዲኤንኤ በኮርሱ ሁለት ጫፍ ላይ የተራራቁ ምዕራፎች መሆናቸው ቀርቶ በአንዲት የአተር ፍሬ ላይ ይገናኛሉ።

ክሮሞዞምም እንደዚሁ ነው። ስንቱ ተማሪ ነው ክሮሞዞምን በሥዕል ብቻ አይቶ የሚመረቀው? በጾም ጊዜ ከየቤቱ የማይጠፋው የባቄላ በቆልት ለዚህ ሥራ ከተስማሚዎቹ አንዱ ነው። ባቄላ 12 ክሮሞዞም ብቻ ነው ያለው፤ ክሮሞዞሞቹም ትልልቅ ናቸው። በቆልቱ ያወጣውን ሥር ጫፉን ቆርጦ በአልኮልና በአሴቲክ አሲድ ማቆየት፣ በቀጭን አሲድ ማለስለስ፣ ቀለም ነክሮ በሁለት መስታወት መካከል በአውራ ጣት መጫን ነው። በተራ ማይክሮስኮፕ 12ቱ ሲሰለፉና ሲለያዩ ይታያሉ። አንድ ጊዜ ያየ ተማሪ የሕዋስ ክፍፍልን ደረጃዎች ስም በቃሉ ለመያዝ መጨነቅ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደዚህ አገር የመጣው የሰብሎቻችንን ብዝኃነት ፈልጎ ነው፤ ከዓለም ዋና ዋና የሰብል መነሻ ማዕከላት እንደ አንዱም ቆጥሮናል። እ.ኤ.አ. በ1976 ብሔራዊ የዘር ባንክ አቋቁመናል። ይህ ሁሉ እያለ የእኛ የጄኔቲክስ ተማሪ ምሳሌ ሲጠየቅ የሚያነሳው የባሕር ማዶ አበባና የባሕር ማዶ አይጥ ነው።

ጤፍን እንውሰድ። ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል፣ አበባው በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ተክል ነው። ለረጅም ጊዜ ጤፍን በእጅ ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር። ይህን የለወጡት ዶክተር ታረቀ በርሄ ናቸው። የጤፍ አበባ በማለዳ፣ በእኛ ሰዓት 1 ሰዓት ገደማ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት አስተዋሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማዳቀሉ ተቻለ። ከዚያ ሥራ የተነሳ በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል፣ ነጭነቱ የተወደደውን ማኛን ምርቱ ከፍ ካለው ዱከም ከተባለው ዝርያ ጋር አዳቅለው እ.ኤ.አ. በ2006 ቁንጮ የተባለው ዝርያ ተለቀቀ። ቁንጮን በየገበያው የማያውቅ የለም። ከዚያ ድቅል የወጡት መስመሮች ትውልድ በትውልድ ራሳቸውን ሲያዳቅሉ ቆይተው ነው ከመካከላቸው ቁንጮ የተመረጠው። እዚህ ውስጥ የኮርሱ ግማሽ አለ። ሁለት መልካም ጠባይ ከሁለት ወላጅ እንዴት ወደ አንድ ተክል ይመጣል? ራሱን በሚያዳቅል ተክል ውስጥ የተቀላቀለ የጂን ጥንድ በየትውልዱ በግማሽ ቢቀንስ፣ ከ7 ትውልድ በኋላ ስንት ይቀራል? ከ128 አንድ፤ ከመቶ አንድ እንኳን አይሞላም። ይህን ጥያቄ በቁንጮ ስም የጠየቀ መምህርና በ«ኤ» እና በ«ቢ» የጠየቀ መምህር ከተማሪው የሚያገኙት ትኩረት አንድ አይደለም። ጤፍ ሲያብብ ወሩ መስከረም አካባቢ ነው። ለማሳው ወይም ለምርምር ማዕከሉ ቅርብ የሆነ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን በማለዳ ይዞ ሄዶ አበባው ሲከፈት ቢያሳያቸው ምን ይጎዳል?

ማሽላ ደግሞ አለ፤ ስለ እሱ ስናገር ስሜቴን መደበቅ አልችልም። በወሎ ገበሬው «ወተት በጉንጬ» እያለ የሚጠራው ማሽላ አለ። ፍሬው ትንሽ ስርጉድ ያለ ነው። ገበሬው በእሸቱ ጠብሶ፣ ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ ይበላዋል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳወቁት፣ ከወሎ የተገኘው ይህ ዓይነቱ ማሽላ ሌሎች ማሽላዎች የሚጎድላቸውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል በብዛት ይይዛል። የላይሲኑን ብዛትም የፍሬውን ስርጉድነትም የሚወስነው አንድ ድብቅ ጂን ነው። ጠባዩ እንዲታይ ከሁለቱም ወላጅ መወረስ አለበት ማለት ነው። አሁን ተማሪውን ጠይቁት፦ ገበሬው ስርጉዱን ፍሬ ብቻ እየመረጠ ቢዘራ ንጹሕ ዘር ለማግኘት ስንት ትውልድ ይፈጅበታል? ድብቁ ጠባይ ከታየ ተክሉ ንጹሕ ነው፤ ባዕድ ብናኝ ካልገባበት በቀር ልጁም ያንኑ ይመስላል። በተቃራኒው ሙሉውን ፍሬ ብቻ እየመረጠ ስርጉዱን ለማጥፋት ቢነሳስ? ድብቁ ጂን በሙሉዎቹ ውስጥ ተሸሽጎ ለብዙ ትውልድ ይኖራል። የወሎ ገበሬ ይህን ዘር በጣዕሙ ለይቶ እስከ ዛሬ አቆይቶታል። አንድ የወሎ ተማሪ የአባቱን ማሽላ በዩኒቨርሲቲ መማሪያ ክፍል ውስጥ ሲያገኘው፣ ከአባቱ እርሻ ጋር ያለው ግንኙነት እንዴት እንደሚቀየር አይቻለሁ።

የገብሱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። አመዳይ የተባለውን የቅጠል በሽታ የሚቋቋም ድብቅ ጂን ከኢትዮጵያ ገብስ ውስጥ ተገኝቶ ለብዙ የአውሮፓ የገብስ ዝርያዎች መከላከያ ሆኗል። የመነጨው ከእኛ ማሳ ነው፤ የሚያስተምሩበት ግን ሌሎች ናቸው።

ስለ ሰውም ልናገር፤ ምክንያቱም የመግቢያ ጄኔቲክስ ኮርስ ለብዙ ተማሪ ስለ ውርስ በሳይንስ የሚማርበት የመጨረሻ ዕድል ነው። የሕክምና፣ የፋርማሲና የመምህርነት ተማሪዎችም በዚሁ በር ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 በኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከተመረመሩት 29 በመቶ ያህሉ መድኃኒት የሚፈጭ አንድ ኤንዛይም የሚሠራውን ጂን ከተለመደው በላይ በብዙ ቅጂ እንደሚይዙ አሳይቷል። እንዲህ ያለ ሰው ኮዴይን ሲሰጠው ሰውነቱ ፈጥኖ ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል፤ ለሌላው የሚበጀው መጠን ለእሱ አደጋ ሊሆን ይችላል። የጂን ቅጂ መብዛት የሚለውን ምዕራፍ ለፋርማሲ ተማሪ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት የመቁጠር ልማዳችንም ሳይንሳዊ ትምህርት ነው። ተማሪው አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ ምንዥላቱን ከቤተሰቡ ጠይቆ የትውልድ ሐረጉን ይሣል። ከዚያ ያስላ። የአጎትና የአክስት ልጆች ቢጋቡ፣ በልጃቸው ውስጥ የአንድ ጂን ሁለቱም ቅጂዎች ከአንድ ቅድመ ወላጅ ቅጂ የመምጣታቸው ዕድል ከ16 አንድ ነው። የጋራ ወላጆቻቸው አንድ ቤት በራቁ ቁጥር ይህ ዕድል ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ወላጅ አንደኛ፣ አያት ሁለተኛ ቤት ተብሎ ሲቆጠር፣ ሰባተኛው ቤት ላይ ከ16,384 አንድ ይደርሳል። ሐረጉን ሲሥል ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቤተሰቡ የማይፈልገውን ምስጢር በክፍል ውስጥ እንዲያወጣ ማንም ተማሪ መገደድ የለበትም።

ሴት ልጅ ብቻ ወለድሽ ተብላ የምትወቀስ፣ አልፎም የምትፈታ እናት በአገራችን አሁንም አለች። የልጁን ጾታ የሚወስነው ኤክስ ወይም ዋይ ክሮሞዞም የሚመጣው ከአባት ነው፤ እናት ኤክስ ብቻ ነው የምትሰጠው። ተመራቂያችን ይህን በፈተና ላይ መልሶት፣ ቤቱ ሄዶ ግን እህቱ ስትወቀስ ዝም ካለ፣ ትምህርቱ ወደ ልቡ አልዘለቀም ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን በኮርሱ ውስጥ እንዲካተት የምለምነው የአሪ ብረት ቀጥቃጮችን ጥናት ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ በአሪ ሕዝብ ውስጥ ብረት ቀጥቃጮች ከአራሾቹ ተለይተው፣ ተገልለው፣ በጋብቻ ሳይቀላቀሉ ኖረዋል። በሌላም የአገራችን ክፍል ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ምን እንደደረሰበት መናገር አያሻም። የዲኤንኤ መረጃ ሲሰበሰብ ሁለቱ የአሪ ወገኖች የተለያዩ መስለው ታዩ፤ ቀጥቃጮቹ ከሌላ የጥንት ሕዝብ የመጡ ይሆናሉ የሚል ንባብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ጥናት ግን መረጃውን በጥልቀት ሲመረምረው፣ ሁለቱም ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ የአንድ ሕዝብ ልጆች እንደነበሩ አሳየ። ልዩነቱን ያመጣው መገለሉ ነው። በቁጥር ጥቂት የሆነ ማኅበረሰብ ከሌላው ጋር እንዳይጋባ ሲደረግ፣ የጂኖቹ ድግግሞሽ በዕድል ብቻ ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል፤ አንዳንዱ ጂን ይጠፋል፣ አንዳንዱ ይበዛል። ሰዎቹ የተገለሉት የተለዩ ስለሆኑ ነው ሲባል ኖሯል፤ ጥናቱ ያሳየው ግን የተለዩት ስለተገለሉ መሆኑን ነው። ይህ የሕዝብ ጄኔቲክስ ምዕራፍ ዋና ትምህርት ነው፤ እኛ ግን ሴሚስተሩ አለቀ ብለን የምንዘለው እሱን ነው። በእኔ አስተያየት ኮርሱ ከየትኛውም ቦታ መቀነስ ካለበት ከዚህ ላይ መሆን የለበትም። ከ50 ዓመት በፊት የተሠሩ ሙከራዎችን ዝርዝርና የኤንዛይሞችን ረጅም የስም ዝርዝር መቀነስ ይቻላል።

ፈተናው ካልተቀየረ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ተማሪ የሚያጠናው የሚፈተነውን ነው፤ መምህርም እንዲሁ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና ይህን ይበልጥ አጥብቆታል። ምርጫ መልስም ቢሆን የሚያስብ ጥያቄ ሊወጣበት ይችላል። «የሜንዴል የመጀመሪያ ሕግ የቱ ነው?» በማለት ፋንታ፣ 330 እና 70 የሚል ቁጥርና የማሳውን ሁኔታ ሰጥቶ «ከሚከተሉት ምክንያቶች ይህን ውጤት ሊያብራራ የሚችለው የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ካለፈው ዓመት ወረቀት የሸመደደ ሁሉ ይመልሰዋል። ሁለተኛውን የሚመልሰው የገባው ነው። ፈተና አውጪዎች በዓመት ጥቂት እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ብቻ ቢጨምሩ፣ በየዩኒቨርሲቲው ያለው ማስተማር በአጭር ጊዜ ውስጥ መልኩን ይቀይራል።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበል። ኮርሱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን አልቃወምም፤ ተማሪው የዓለምን ጽሑፍ ማንበብ አለበት። ነገር ግን በቡድን ሲወያዩና ሲቆጥሩ፣ በመዝገባቸው ላይ ምክንያት ሲያስቀምጡ፣ በሚያስቡበት ቋንቋ እንዲሠሩ ይፈቀድላቸው። የበቆሎውን ምክንያት የደረሰችበት ያቺ ልጅ በእንግሊዝኛ እንድትናገር ብትገደድ ኖሮ አፏን የምትከፍት አይመስለኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ለኮርሱ በሚያወጣው መመሪያ ላይ፣ ማንኛውም የመግቢያ ጄኔቲክስ ተማሪ ቢያንስ አንድ ሰብል አዳቅሎ ወይም ቆጥሮ፣ ያገኘውን ሳይቀይር መዝግቦ፣ በስሌት ፈትኖ የሚያቀርብበት ሥራ ነጥብ ተይዞለት ይግባ። ትምህርት ክፍሎች መሬቱን ይስጡ፤ መዝገቡንም ከባች ወደ ባች ያስተላልፉ። የምርምር ማዕከላት ከዘራቸው ጥቂት ጥቂት ያካፍሉን። ምሳሌዎቹን ማሰባሰብ ላይ እኔም ሆንኩ ብዙ የሥራ ባልደረቦቼ ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነን።

አተር የሚዘራው ክረምቱ ሲገባ ነው። ለሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ተማሪዎች የሚደርስ ዘር እንዲኖር፣ ውሳኔው ከሰኔ በፊት ቢደርሰን መሬቱን አዘጋጅተን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጄኔቲክስ መምህር

ግልባጭ፦
ለመውጫ ፈተና አዘጋጆች
ለግብርና ምርምር ማዕከላት
ለጄኔቲክስ መምህራንና ተማሪዎች በሙሉ